ይነሳል፣ ግን ይጠፋል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬው የሙያ ዝግጅታችን ስለ አሮጌ መኪና ነው። ቁልፍ ሲመታ ስለሚነሳ፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ስለሚጠፋ መኪና።

ጨርሶ አልነሳም ያለ መኪና ቢያንስ ነገሩ ግልጽ ነው። ተነስቶ የሚጠፋው ግን ሰው ያደክማል። ተነስቷልና ባትሪው ደህና ነው ይባላል፤ ነዳጅም አለው ይባላል፤ ከዚያ በግምት ዕቃ መቀየር ይጀመራል። መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ቦቢና፤ አሁንም ካልሆነ ካርቡራተሩ ይፈታል። መለዋወጫ ከፖርት ሱዳን ወይም ከአዲስ አበባ ተፈልጎ በሚመጣበት በገዳሪፍና በመተማ አካባቢ እንዲህ ያለው ግምት ኪስ ያራቁታል።

ገዳሪፍ ሰናዒያ፣ ማለትም የጋራዦቹ ሰፈር፣ የገባ ሹፌር «ጋሼ፣ ትነሳለች፣ ግን ትጠፋለች» ሲል፣ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ መፍቻ አያነሳም። ይጠይቃል። «መቼ ነው የምትጠፋው ወንድሜ? ቁልፉን ስትለቀው? ትንሽ ከሠራች በኋላ? ቤንዚን መስጠት ስታቆም? ወይስ ፀሐይ ሲከር?» ሹፌሩ ይህን ከመለሰ ግማሹ ሥራ አልቋል። መልሱ በተለያየ ቁጥር የሚፈለገው ዕቃም ይለያያልና።

በመጀመሪያው እንጀምር። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ሞተሩ ይነሳል፤ እጃችሁ ቁልፉን እንደለቀቀ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ይጠፋል። ደግማችሁ ብትመቱትም ያው ነው። ፑንቲና፣ ማለትም የብልጭታ ማቋረጫ፣ ባላቸው የድሮ የቤንዚን መኪኖች ላይ ይህ ምልክት ከሁሉ በፊት አንድ ቦታ እንድታዩ ይነግራችኋል። በብዙዎቹ ቦቢናው አጠገብ የምትታሰር፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሸክላ የለበሰች፣ ጣት የምታክል የኤሌክትሪክ መቀነሻ አለች። እንዲህ ያለው ቦቢና ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ ሙሉ 12 ቮልት እንዲያገኝ አልተሠራም፤ ያ ሁሉ ኃይል ያግለዋል፣ የፑንቲናውንም ጫፍ ይበላል። ስለዚህ በዚህች ሸክላ በኩል ተቀንሶ ከ6 እስከ 9 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። ቁልፉ ማስነሻው ላይ ሳለ ግን ሞተሪኖው የባትሪውን ጉልበት ስለሚሻማ፣ ሌላ ሽቦ ሸክላዋን ዘሎ ያለውን ኃይል በቀጥታ ለቦቢናው ይሰጣል። እንግዲህ ሸክላዋ ውስጧ ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ በአቋራጩ ሽቦ ይነሳል፤ ቁልፉ ወደ ቦታው ሲመለስ ኤሌክትሪኩ መሄጃ ያጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል።

መፈተሻው አንድ ክንድ የምትሆን የተሸፈነች ሽቦ ናት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ ያዟትና ሞተሩን አስነሱ። አሁን ካልጠፋ ጥፋቱ ወይ የሸክላዋ ነው ወይ የቁልፉ ማብሪያ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቁልፉን ክፈቱና በቴስተር ከሸክላዋ በፊትና በኋላ ለኩ። በፊቷ ኃይል ኖሮ በኋላዋ ምንም ከሌለ ተበጥሳለች። በፊቷም ከሌለ ማብሪያው ወይም ከእሱ ወደ ሸክላዋ የሚሄደው ሽቦ ነው። የቁልፍ ማብሪያ የሚያረጀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ምክንያት ነው፤ የቤቱን፣ የሱቁንና የሳጥኑን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንጠልጥሎ ኮረኮንች ላይ ሲነዳ ውስጡ ይላላል።

ስለዚያች ሽቦ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። እሷ ታስራ እያለ መኪናውን በቁልፍ ማጥፋት አይቻልም፤ ሽቦዋን መንቀል ያስፈልጋል። ደግሞም መመርመሪያ እንጂ ጥገና አይደለችም። ከጋላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች ሽቦ እዘልቀዋለሁ ያለ ቦቢናውን አቃጥሎ መንገድ ላይ፣ ዶካ ሊያድር ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው መኪና ቁልፉን ስትለቁትም አይጠፋም። ይነሳል፣ ደህና ይሠራል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይና እየተንተባተበ ይሞታል። ትንሽ ብታሳርፉት ደግሞ ይነሳል። ይህ በአብዛኛው የነዳጅ እጥረት ነው። ካርቡራተር በሆዱ ጥቂት ቤንዚን ይይዛል፤ ሞተሩ የሚነሳው በዚያ ነው። ከታንኩ የሚመጣው ካልተካው ያችኑ ጨርሶ ይጠፋል።

የአሮጌ ቶዮታ ባለቤት ከሆናችሁ እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። በብዙዎቹ የቶዮታ ካርቡራተሮች ጎን ትንሽ ክብ መስታወት አለች፤ መሃሏ ላይ ነጥብ ወይም መስመር ይታያል። ቤንዚኑ መድረስ ያለበት እዚያ ነው። መስታወቷ በአቧራና በዘይት ተሸፍና ስለምትኖር መኪናውን 10 ዓመት የነዳ ሰው እንኳ ላያውቃት ይችላል። በጨርቅ ጥረጓት። መኪናው እንደጠፋ ወዲያው ኮፈኑን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ቤንዚኑ ከነጥቡ በታች ወርዶ ወይም ጭራሽ ደርቆ ካያችሁ፣ ችግሩ ከካርቡራተሩ በፊት ነው። ነጥቡ ላይ ከሆነ ግን የነዳጅ መስመሩን አትፈታቱ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታውን ፈትሹ። ስንትና ስንት ፓምፕ በከንቱ የሚቀየረው ይህችን መስታወት የሚያያት ስለጠፋ ነው።

ቤንዚን አልደረሰም እንበል። ከቀላሉ ጀምሩ፤ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። «እሽሽ» ብሎ አየር ከሳበ፣ ከዚያም መኪናው ተነስቶ ካልጠፋ፣ በሽታው ክዳኑ ነው። ነዳጅ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነ ወይም በጠፋ ክዳን ምትክ አፉን በላስቲክ አንቃችሁ ካሰራችሁት፣ ፓምፑ ባዶ ይስባል። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ዱቄት ነውና መተንፈሻ ለመድፈን አይሰንፍም።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ፊልትሮው ይታያል፤ ከዚያ ፓምፑ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ጎማ ነቅላችሁ ወደ ጠርሙስ አስገቡና፣ ሌላ ሰው የቦቢናውን ሽቦ ነቅሎ ሞተሪኖ ይምታ። ቤንዚኑ በደንብ እየተፋ መምጣት አለበት። እያለቀሰ ከመጣ ወይ ከታንኩ ጀምሮ ያለው መስመር ተደፍኗል፣ ወይ የፓምፑ ላስቲክ ተቀዷል። ላስቲኩ የተቀደደ ፓምፕ ሌላም ጣጣ አለው፤ በብዙ መኪኖች ላይ ቤንዚኑን ወደ ሞተር ዘይቱ ያወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ፓምፑንም ዘይቱንም ሳትቀይሩ እንዳትነዱ።

ጠርሙሱ ውስጥ የወጣውን ቤንዚንም እዩት። የመስታወት ጠርሙስ ይሁን፤ በብርሃን ፊት ያዙትና ትንሽ አስቀምጡት። ከታች ተለይቶ የሚታይ ውሃ፣ የዝገት ቅንጣት ወይም አሸዋ ካለ፣ ዛሬ ፊልትሮ ብትቀይሩም ከነገ ወዲያ ያው ነው፤ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት። በዚህ አካባቢ ይህ እየበዛ ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። ከካርቱም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጃይሊ ማጣሪያ፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ከሥራ ውጭ ሆኗል። ነዳጅ ከማደያ ይልቅ በጀሪካንና በበርሜል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ በየእጁ ትንሽ ቆሻሻ ይጨመርበታል። ከጀሪካን ስትቀዱ ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ አጣሩ፤ ታች የቀረችውን የመጨረሻዋን ሁለት ጣት አትገልብጧት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ። መጋቢትና ሚያዝያ ገዳሪፍ ላይ ቀትሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጠዋት ያለ ችግር የሄደ መኪና ኬላ ላይ ተሰልፎ ትንሽ እንደቆመ ይጠፋል፤ ቢመቱት ይነሳና መልሶ ይጠፋል፤ ጥላ ሥር ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይሄዳል። ቀላሉ የቤንዚን ክፍል በ40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ ኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው እጅግ ይበልጣል። ሞተሩ ላይ የታሰረው የድሮው ፓምፕ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም። መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ሲሞላ ካርቡራተሩ ይደርቃል።

ሹፌሮች ያወቁት ዘዴ ትክክል ነው፤ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ፓምፑና ቱቦው ላይ መጠምጠም። ብቻ ውሃውን በሞተሩ ላይ በጠቅላላ አትድፉት፤ የካንዴላ ሽቦዎችና የብልጭታ ማከፋፈያው ክዳን ውሃ ከነካቸው ሌላ ችግር ታመጣላችሁ፤ የጋለ ብረትም ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘላቂው መፍትሔ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በብዙ ጋራዦች ሲዘነጋ ይታያል። ካርቡራተሩ ከታች ካለው ብረት ጋር በቀጥታ አይጋጠምም፤ በመሃላቸው ሙቀት የሚከለክል ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን አለ። ካርቡራተር ሲታጠብ ያ ይሰበርና በቀጭን ካርቶን ይተካል። በደጋ ላይታወቅ ይችላል፤ ቆላ ላይ ግን ካርቡራተሩ እንደ ጀበና ይፈላል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ በሽታ አለ፤ ሲሞቅ የሚሞት ቦቢና። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ከውጭ ሲታይ ከእንፋሎቱ ጋር አንድ ነው። የሚለያቸው ያቺ የካርቡራተር መስታወት ናት፤ እንዲሁም ብልጭታው። መኪናው እንደጠፋ ወዲያው፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ትርፍ ካንዴላ በሽቦው ጫፍ ላይ ሰክታችሁ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩትና ሞተሪኖ አስመቱ። በእጅ ሳይሆን እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ያዙት፤ ቤንዚን ከተንጠባጠበበትም አርቁት። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ነዳጁን ተከታተሉ፤ ከሌለ ቦቢናውንና ኮንዴንሰሩን። ግማሽ ሰዓት አርፎ ከቀዘቀዘ በኋላ የተደረገ ፍተሻ ግን ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ያለው፣ ቤንዚን እስከሰጡት የሚሠራ፣ እግር ሲነሳ የሚጠፋ መኪና ነው። እዚህ ላይ ፓምፑንም ቦቢናውንም ተዉአቸው፤ የተበላሸው ሚኒሞው፣ ማለትም እግር ሲነሳ ሞተሩን የሚያቆየው ክፍል፣ ነው። የሚኒሞው ጂግለር ከመርፌ የቀጠነ ቀዳዳ ስላለው በአንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይደፈናል። በአየር ይነፋ፤ በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ቀዳዳው ይሰፋና ቤንዚን በላተኛ ይሆናል። በብዙ የቶዮታ ካርቡራተሮች ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ የሚኒሞ መዝጊያ አለች፤ ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ማለት አለባት። ዝም ካለች ሽቦዋን እዩ፣ ሽቦው ኃይል ካለው እሷ ትቀየር። ከካርቡራተሩ ሥር የሚገቡት ቀጫጭን የአየር ጎማዎችም በቆላ ሙቀት ይሰነጠቃሉ፤ የተሰነጠቀ ጎማ የማይፈለግ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞውም አልይዝ ይላል።

ጎንደርና ገዳሪፍ ለሚመላለሱ ግን ምንም ሳይበላሽ ይህ ሊደርስባቸው ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ገዳሪፍ 600 ሜትር ገደማ። ላይ ያለው አየር ስስ ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ የተስተካከለበትን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። ገዳሪፍ የተስተካከለ መኪና ከሸሂዲ አልፎ አይከልን ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሲቆም ይጠፋል። ጎንደር ላይ በጥብቅ የተቆጠበ መኪና ደግሞ መተማ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ያስነጥሳል፣ ሚኒሞው አይቆምም። ሁለቱም የሚድኑት በካቻቢቴ ነው፤ የሚኒሞውን ቡሎንና የቅልቅሉን ቡሎን መልሶ በማስተካከል። መተማ እንደደረሳችሁ ካርቡራተር የሚያስገዛ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት።

ካርቡራተር የሌላቸውን፣ ማለትም በኢንጀክተር የሚሠሩትን፣ አጠር አድርገን እንለፋቸው፤ ኮምፒውተር ላለው ጋራዥ የሚተው ብዙ ነገር አላቸውና። ሆኖም አንዱ ከሸክላዋ ታሪክ ጋር ይዛመዳል። 22አር-ኢ ሞተር ባለው የድሮ ሃይሉክስ ላይ ሞተሪኖ ሲመታ የቤንዚን ፓምፑ ኃይል ያገኛል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ፓምፑ የሚቀጥለው በአየር መለኪያው ውስጥ ያለችው በር በሚገባው አየር ተገፍታ ከተከፈተች ብቻ ነው። ከአየር መለኪያው በኋላ ያለው ወፍራም ጎማ ከተቀደደ አየሩ በቀዳዳው ይገባል፣ በሯ አትከፈትም፣ ፓምፑ ይቆማል፣ መኪናው ተነስቶ ይጠፋል። ኮምፒውተር ከመጠየቃችሁ በፊት ያን ጎማ አጥፋችሁ ሥሩን እዩ፤ የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ውስጥ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ናፍጣ ለሚነዱ፣ ላንድክሩዘርም ይሁን አይሱዙ፣ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ ያለው ትራክተርም ጭምር፣ ነገሩ ይቀላል፤ ያደክማል ግን። ናፍጣ ብልጭታ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ተነስቶ ከጠፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው አየር ነው። ማታ ቆሞ ሲያድር በላላ ማሰሪያ ወይም በተሰነጠቀ ጎማ አየር ይገባል፤ ጠዋት ፓምፑ ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ይነሳል፣ አየሩ ሲደርስ ይጠፋል። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁልጊዜ ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ መስመሩ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለምና። ከውጭ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው አትበሉ።

አየር ማውጣቱን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ አላሉ። በእጅ የሚገፋውን ፓምፕ ደጋግማችሁ ግፉ። መጀመሪያ አረፋ ይመጣል፤ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲፈስ፣ እየገፋችሁ ቡሎኗን አጥብቁ። ከሁለት ቀን በኋላ አየሩ ከተመለሰ ቀዳዳውን መፈለግ ግድ ነው። ለዚህ የሚረዳው ዘዴ ታንኩን ከጨዋታ ማውጣት ነው፤ ንጹሕ ናፍጣ ያለበትን ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ አስሩ፣ ጎማ ስጡትና ወደ ፊልትሮው አገናኙ። በዚህ ሲሠራ ውሎ ካልጠፋ፣ ጥፋቱ ከፊልትሮው እስከ ታንኩ ባለው መስመር ነው። አሁንም ከጠፋ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ ያለውን ፈልጉ። ፊልትሮው ሥር ውሃ ማስወገጃ ካለም ክፈቱት፤ በክረምት በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ውሃ አያጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋራዥ የምትሄዱ ከሆነ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ሲጠፋ መስታወቷ ምን እንዳሳየች፣ ብልጭታ እንደነበረና እንዳልነበረ ለመካኒኩ ንገሩት። የቀየረውንም ዕቃ አሮጌውን ተቀበሉት። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም።

ልናሳስባችሁ የምንፈልገው የመጨረሻው ጉዳይ ከመኪናው ይልቅ ስለ እናንተው ነው። ካርቡራተር አፍ ላይ ቤንዚን እያፈሰሱ ሞተሪኖ ማስመታት በየመንገዱ የሚታይ ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተነፍስ እሳቱ የሚወጣው በዚያው አፍ ነው፤ የሚያቃጥለውም ጠርሙስ የያዘውን ሰው ነው። ቤንዚንም ናፍጣም በጎማ ስታወርዱ በአፋችሁ አትሳቡ። ከተዋጠው ይልቅ ወደ ሳንባ የገባው ጥቂቱ ይብሳል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል፤ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጀሪካን ቤት ውስጥ የምታስቀምጡ ደግሞ ከምድጃውና ከከሰሉ አርቁት፣ ልጆች በማይደርሱበትም አድርጉት፤ በውሃ ጠርሙስ ቤንዚን አታስቀምጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ባትሪና ዲናሞ እንነጋገራለን።

(የመውጫ ሙዚቃ)